«በነጻ ፈትተን እንይልህ» ለሚል ጋራዥ የመኪናችሁን ቁልፍ አትስጡ

ይህን የምጽፈው በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ አይሱዙም ይሁን ሲኖትራክ፣ የናፍጣ ጭነት መኪና ለምታሠሩ ሁሉ ነው። ባለፈው የካቲት መኪናዬን ያስገባሁበት ጋራዥ 138,000 ብር፣ የ26 ቀን ሥራና የመኪናዬን ዋና ፖምፓ፣ ናፍጣ በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከውን ዕቃ፣ ወስዶብኛል። የጋራዡን ስም አልጽፍም። ስሙን ብቻ ብትይዙ ያው ሥራ በሌላ ሰፈር፣ በሌላ ሰው እጅ ይጠብቃችኋል። አሠራሩን ብታውቁ ግን የትም ብትሄዱ ትለዩታላችሁ።

መኪናዬ ባለ አራት ሲሊንደር አይሱዙ ኤን ፒ አር ናት፤ ቱርቦ፣ ማለትም አየር እየገፋ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ አላት። ከእህቴ ጋር ገንዘብ አዋጥተን የገዛናት ስለሆነች እሷ ስትቆም ሁለት ቤት ይቆማል። በበጋ ከመራዊ፣ ከቆጋ መስኖ፣ ሽንኩርት እየጫንን ወደ ደብረ ታቦር እንወስዳለን። በጥር መጨረሻ ጉልበቷ ቀነሰ። የፎገራን ሜዳ ስታቋርጥ ምንም አትልም፤ አለም በርን አልፋ አቀበቱን ስትጀምር ግን ጥቁር ጭስ ትለቃለች፣ ማርሽ ቢቀነስላትም እየተንፏቀቀች ነው የምትወጣው። ሽንኩርት ደግሞ ቀን አይሰጥም። ገዢው ይጠብቃል፣ ገበሬው ይደውላል፣ ክፍያው ተያይዟል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ያጠፋኝ ያ ጥድፊያ ነው።

ጋራዡን የጠቆመኝ መለዋወጫ መሸጫ በር ላይ ያገኘሁት ሰው ነው። እዚያ ስደርስ የተቀበለኝ ባለቤት «ለማየት አናስከፍልህም፤ በነጻ ፈትተን እንነግርሃለን፣ ዋጋው ካልተስማማህ ትወስዳታለህ» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ነገር የት ይገኛል? በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስት ልጆች ሞተሩ ላይ ሰፈሩ። ጭሱ ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳ፣ ሲሞቅ ነው ወይስ በጠዋት፣ የሚል ጥያቄ አልመጣም። የአየር ማጣሪያውን ክዳን የነካም አልነበረም። ከምሳ በፊት ፖምፓውና ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩት አራቱ ኢንጀክተሮች ወርደው በዘይት ባደፈ ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል፣ የነዳጅ ቱቦዎቹም አፋቸውን ለአቧራ ከፍተው ቀርተዋል።

ከዚያ ዋጋው ይወጣ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን «ፖምፓው አልቋል፣ 22,000 ብር ይበቃዋል» አሉኝ። በማግሥቱ ፖምፓው ውስጡ በሙሉ ይቀየር ተባለና 62,000 ብር ሆነ። በሦስተኛው ቀን ኢንጀክተሮቹ ተጨመሩ፣ አንዱ በ9,500 ብር፣ አራቱ 38,000 ብር። የእጅ ዋጋ 23,000 ብር። «ልዩ ልዩ» የተባለው 15,000 ብር ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። በመሃል «ተዉት፣ ሌላ ቦታ ላስየው» ብዬ ነበር። መልሱ ፖምፓው ወደ ፖምፓ ሠሪ ተልኳል፣ ለመግጠም ብቻ ደግሞ 15,000 ብር ትከፍላለህ የሚል ሆነ።

በነጻ የመፍታት ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ሞተሯ ያልተፈታች መኪና እያጨሰችም ቢሆን ወደ ሌላ ጋራዥ ሄዳ ዋጋ ልታወዳድር ትችላለች። ሞተሯ የተፈታች መኪና ግን እስረኛ ናት፣ ባለቤቷም አብሯት ይታሠራል። ከዚያ በኋላ የሚነገረው ዋጋ የጥገና ዋጋ ሳይሆን የማስፈቻ ዋጋ ነው።

በ11ኛው ቀን ወጣች። ባዶዋን በሐይቁ ዳር አስፋልት ነዳናት፣ ጭስ የለም። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። በኋላ እንደተረዳሁት ጭሱ የጠፋው ፖምፓው የሚሰጠውን ናፍጣ ስለቀነሱት ነው፤ ነዳጅ ሲያንስ ጭስም ያንሳል፣ ጉልበትም አብሮ ያንሳል። ባዶ መኪና ሁሉ ጤነኛ ይመስላል። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ስትነሳ ነጭ ጭስ ታሳይ ነበር፣ እኔም «ገና አዲስ ስለተሠራች ነው» ብለው የነገሩኝን አመንኩ።

በሦስተኛው ሳምንት 40 ኩንታል ሽንኩርት ጭና ያንኑ አቀበት ስትወጣ ኃይለኛ መንኳኳት ተሰማ፣ ወዲያው ሞተሩ ቆመ። መሽቶ ነበር። በዚህ ጊዜ ጭነት ይዞ መንገድ ዳር ማደር ምን ማለት እንደሆነ ሹፌር ለሆነ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሽንኩርቱ በማግሥቱ ወደ ሌላ መኪና ተገለበጠ፣ የእኔዋ እየተጎተተች ባሕር ዳር ተመለሰች።

ሁለተኛው መካኒክ አዛውንት ናቸው፤ በ1955 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ከተከፈተው ከቀድሞው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የተማሩ። ግቢያቸው ጠባብ ነው፣ ምልክት እንኳ በሩ ላይ የለም። እርሳቸው ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት ወንበር አወጡልኝና ጠየቁኝ። ጭሱ መቼ ጀመረ? ሽቅብ ስትወጣ የፉጨት ድምፅ ትሰማ ነበር? ናፍጣ ከማደያ ነው የምትቀዳ ወይስ ከጀሪካን? ማጣሪያ ከተቀየረ ስንት ጊዜው ነው? ፉጨቱን እሰማ ነበር፤ የጠየቀኝ ስላልነበረ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ የአየር ማጣሪያውን ከፈቱ። ከማሳ መውጫው የጥርጊያ መንገድ አቧራ ተጋግሮበት ቀለሙ አይታይም። ቀጥለው ከቱርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚወስደውን የጎማ ቱቦ በእጃቸው አጠፍ ሲያደርጉት ጣት የምታስገባ ስንጥቅ ተከፈተች፣ ዙሪያዋ በዘይት ጠቁሯል። «ጋሼ፣ ታዲያ ያ ሁሉ ጥቁር ጭስ…» አልኳቸው። «ይኸው ነው» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው የሚያቃጥለውን ያህል አየር አላገኘም ማለት ነው። ሜዳ ላይ ቱርቦው ብዙ ስለማይገፋ ስንጥቋ አትታወቅም፣ አቀበት ላይ ግን አየሩ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ደብረ ታቦር ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ራሱ ይሳሳል፤ ማጣሪያው የታፈነና ቱቦው የተቀደደ መኪና እዚያ ላይ ትንፋሽ ቢያጥረው አይገርምም። አንድ ማጣሪያና አንድ ጎማ ቱቦ። የእኔ ጥፋት በጠቅላላ ያ ነበር።

የባሰው ከዚያ መጣ። ፖምፓው ጎን ላይ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ የብረት ሳህን አለች። መኪናዋን ስንገዛ እህቴ ሊብሬውን ጨምሮ ሁሉንም ነገር በስልኳ ፎቶ ስታነሳ ያችን ሳህን አንስታት ነበር። የእኔ ፖምፓ ቁጥር በ417 ያልቃል፤ አሁን የተገጠመው በ902። ፖምፓዬን አውርደው ያገለገለ ሌላ ገጥመውልኛል፣ ለዚያውም 62,000 ብር አስከፍለው። «አዲስ» ከተባሉት ኢንጀክተሮች የሁለቱ ኖዝል (ናፍጣው የሚረጭበት ጫፍ) ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከሌሎቹ ሁለት ጋር አይመሳሰልም። ከሥራቸው የሚገባው የመዳብ ቀለበት እንኳ ተጨፍልቆ የኖረው አሮጌው ነው። መሞከሪያው ላይ ሲታዩ አንዱ እንደ ጭጋግ መርጨት ሲገባው ያንጠባጥባል። የሦስተኛው ሲሊንደር ፒስተን አናቱ ቀልጦ የተገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያ ያለውን የሬቲፊካ፣ ሞተሩን ፈትቶ የማደስ፣ ወጪ አልቆጥርላችሁም።

ክስ ልመሠርት ሄጄ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ «ደረሰኝህ የታለ?» ሆነ። በእጄ ያለው ማኅተም የሌለው፣ «ጥገና 138,000» ብቻ የሚል ቁራጭ ወረቀት ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት፣ ሸማቹም ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብቱ አለ፤ የጎደለው የእኔ ማስረጃ ነው። በመጨረሻ በሽማግሌ 45,000 ብር ተመለሰልኝ። ፖምፓውን «እኛ ጋ ያመጣኸው ይኸው ነው» ብለው ካዱ። እህቴ ፎቶውን ብታሳያቸውም «ይህ የየትኛው መኪና እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አሉ። ስለዚህ እባካችሁ፣ ፎቶ ስታነሱ የፖምፓው ቁጥርና የመኪናው ሰሌዳ ወይም የሻንሲ ቁጥር በአንድ ተንቀሳቃሽ ምስል ውስጥ ሳይቋረጥ ይታይ። ዛሬውኑ አድርጉት፣ መኪናው ደህና ሳለ።

ከዚህ ወዲያ ጋራዥ የምመርጠው አዛውንቱ ባሳዩኝ መንገድ ነው። ቁልፍ ሳያነሳ የሚጠይቅ ሰው እፈልጋለሁ። ከቀላሉና ከርካሹ ይጀምር፤ አየር ማጣሪያ፣ ናፍጣ ማጣሪያ፣ ቱቦዎች፣ ከዚያ የሲሊንደሮቹ ግፊት በመለኪያ፣ ፖምፓ መጨረሻ ላይ። ጭሱን አይቶ ጥቁሩን ከአየርና ከነዳጅ፣ ሰማያዊውን ከሚቃጠል የሞተር ዘይት፣ ነጩን ሳይቃጠል ከሚወጣ ናፍጣ ወይም ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ውኃ ጋር የማያያይዝ ሰው ሞተር እንዲፈታ አልፈቅድም። ግቢው ውስጥ የተፈቱ ሞተሮችን እመለከታለሁ። የነዳጅ ቱቦዎቹ አፍ ተደፍኗል? የወረደው ዕቃ የማን መኪና እንደሆነ ተጽፎበታል? ለፖምፓ አቧራ መርዝ ነው፤ ይህን የማይጠነቀቅ ሰው ሌላውንም አይጠነቀቅም።

ፖምፓና ኢንጀክተር መሞከሪያ መሣሪያ ወዳለው ሠሪ የሚሄዱ ከሆነ አብራችሁ ሂዱ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ግን ኖዝሉ ሲረጭ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ይህን ስትጠይቁት ፊቱን የሚያጨፈግግ ጋራዥ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። መለዋወጫውን ራሳችሁ ግዙ፣ በደረሰኝ። የወረደው አሮጌ ዕቃ ሁሉ በጆንያ ይመለስላችሁ፣ የእናንተ ንብረት ነው። የሥራው ዝርዝርና ዋጋ ከመፈታቱ በፊት ተጽፎ ይፈረም፤ ከዚያ በላይ ከመጣ ሳትፈርሙ እንዳይቀጥሉ። ሙሉውን ገንዘብ ጭነት ይዛችሁ አቀበት ወጥታችሁ ሳትመለሱ አትክፈሉ።

አዲሶቹን በኮምፒውተር የሚሠሩ ሞተሮች ለያዛችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በእነዚህ ብዙዎቹ ላይ እያንዳንዱ ኢንጀክተር የራሱ መለያ ኮድ አለው፣ ሲቀየርም ኮዱ በመመርመሪያ መሣሪያ ወደ መኪናው ኮምፒውተር መግባት አለበት። መሣሪያው የሌለው ጋራዥ ቢቀይርላችሁ እንኳ ሥራው ግማሽ ነው። ሞተሩ እየሠራ የነዳጅ ቱቦ የሚያላላ መካኒክ ካያችሁም አስቁሙት፣ በዚያ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ቆዳ በስቶ ይገባል።

ለመናገር የሚከብደኝ ግን የማልተወው ጉዳይ አለ። አንዳንድ ጋራዦች ደንበኛ ላመጣ ሹፌር፣ ረዳት ወይም ደላላ ከሥራው ዋጋ ላይ ይከፍላሉ። እኔን የጠቆመኝ ሰው ድርሻውን እንደወሰደ በሽምግልናው ላይ ተነግሯል። ያ ድርሻ የተጨመረው በእኔ ሒሳብ ላይ ነው። ስለዚህ የምትጠይቁት ሰው በጥቆማው የሚያገኘው ነገር የሌለው ይሁን፤ መኪናውን እዚያው ጋራዥ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ያሠራ ባለንብረት ቢሆን ይመረጣል። ሹፌራችሁንም በግልጽ አነጋግሩት። ሐቀኛ ሹፌር በዚህ አይቀየምም፣ የእኔው ሹፌር ራሱ ነው ከዚያ በኋላ በየጥገናው አብሮ መቆምን የመረጠው።

የጀሪካን ናፍጣ የግድ ከሆነባችሁ ጥቂቱን በብርጭቆ ጠርሙስ ቀድታችሁ አሳድሩት፤ ውኃ ካለው ከሥር ተለይቶ ይታያል። አዛውንቱ ካስተማሩኝ ሁሉ ወጪ የሌለው እሱ ነው።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። በባሕር ዳር፣ በወረታ፣ በጎንደር ወይም በደብረ ማርቆስ ለኤን ፒ አር የሚሆን ያገለገለ ፖምፓ ሊሸጥላችሁ የቀረበ ካለ ሳህኗን ተመልከቱ። ቁጥሩ በ417 የሚያልቅ፣ ከሳህኗ በስተግራ ያለው ብሎን አናቱ በመጋዝ የተቆረጠ ከሆነ አትግዙት፤ የእኔና የእህቴ ነው። ሻጩን ሳታስደነግጡ ፎቶ አንሱና አሳውቁኝ። ሙሉውን ፎቶ በማንኛውም ሰዓት አሳያችኋለሁ።