ፒያሳ ያለው የኮምፒውተር ጥገና ቤት፦ ሙያው ይመሰገናል፣ የይለፍ ቃል አያያዙ ይታረም

ጎንደር ለሁለት ሳምንት የሄድኩት የአንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ለመዘርጋት ነበር። በአራተኛው ቀን ላፕቶፔ ሥራ ሲበዛበት በራሱ ጊዜ መጥፋት ጀመረ። ከአሥር ዓመት በላይ ሶፍትዌር ሲጽፍ የኖረ ሰው ማንኛውንም ችግር በሶፍትዌር ዐይን ስለሚያይ፣ እኔም ድራይቨር ሳድስና ሲስተሙን እንደገና ስጭን ሁለት ሌሊት አነጋሁ። በመጨረሻ ተሸነፍኩና የሆቴሉን ጥበቃ ጠይቄ፣ ፒያሳ ላይ በጣሊያን ጊዜ ከተሠራው ፖስታ ቤት ብዙም ሳይርቅ ወደሚገኝ ጠባብ ጥገና ቤት ሄድኩ። ዕለቱ ሚካኤል ነበርና ዝግ ሆኖ ጠበቀኝ፤ በአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ቀኑን ሳያጣሩ መውጣት የእንግዳው ጥፋት ነው።

በማግስቱ ያገኘኋቸው ባለቤት ሙያውን በሬዲዮና በቴፕ ጥገና የጀመሩ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ላፕቶፑን ለማብራት እንኳ አልሞከሩም። እንደተዘጋ ከጠረጴዛው መስታወት ላይ አስቀመጡትና አንዱን ጥግ በጣታቸው ጫን ሲሉት እግሩ እንደተዛባ በርጩማ ተንገዳገደ። «ልጄ፣ ይሄ ሆዱ ተነፍቷል» አሉኝ። የታችኛው ክዳን ሲከፈት ባትሪው እንደ ትራስ አብጦ የመዳሰሻ ሰሌዳውን ከሥር ወደ ላይ ገፍቶታል፤ ለሳምንታት «ምነው ደረቀብኝ?» ስል የነበረው ለካ በዚህ ምክንያት ነው። ከፋኑ መተንፈሻ ላይ በወረንጦ ያነሡት አቧራም እንደ ቁራጭ ብርድ ልብስ ሳይበጣጠስ ወጣ።

ሊቲየም ባትሪ የሚያብጠው በውስጡ ያለው ኤሌክትሮላይት ሲበላሽ ጋዝ ስለሚፈጥር ሲሆን፣ ሙቀትና ሁልጊዜ መቶ በመቶ ሞልቶ መቆየት ጉዳቱን ያፋጥኑታል። እኔ ደግሞ ላፕቶፑን ከዲቫይደር ነቅዬው አላውቅም። በዚያ ላይ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ፋኑ የሚያስወጣው ሙቀት ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ከጎንደርም ከፍ ስለምትል ግን ጎንደርን ልወቅስ አልችልም። አቧራው መተንፈሻውን ሲዘጋውና የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱ፣ እንደ ጠመኔ ሲደርቅ ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ማሽኑ ራሱን ያጠፋል።

ቤቱን በይበልጥ እንዳመሰግን ያደረገኝ ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው። በመደርደሪያው ላይ ለላፕቶፔ የሚሆን ባትሪ ስለነበር በዚያው ሸጠውልኝ ሊገላገሉኝ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ያበጠውን በአንድ መዳፌ፣ አዲሱን በሌላው አስያዙኝ፤ የተጻፈባቸው አቅም እኩል ሆኖ ሳለ አዲሱ በግልጽ ይቀል ነበር። «ውስጡ ያለው ጽሑፉን አያህልም፤ ላንተ አልሸጠውም» ብለው ሌላ ከአዲስ አበባ አዘዙልኝ፤ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ያበጠ ባትሪ ይዞ አውሮፕላን መሳፈር ስለማይፈቀድ፣ ከአዘዞ የምነሣበት በረራም በዚህ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። አሮጌውን ባትሪ ቆሻሻ ውስጥ አልጣሉትም፤ ደጅ ባስቀመጡት አሸዋ በተሞላ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ቀበሩት። የአዲስ አበባ ትልልቅ ጥገና ቤቶች ውስጥ ይህን ጥንቃቄ አላየሁም።

ጽዳቱ፣ ፔስቱና የባትሪው ቅየራ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ መሐል ላይ መብራት ባይጠፋ ኖሮ ከዚያም ባጠረ ነበር። ለእጅ ሥራው 800 ብር ከፈልኩ፤ የባትሪው ዋጋ ለብቻው ነው። ቀድሞ 98 ዲግሪ ያደርሰው የነበረውን ሥራ ደግሜ ሳሠራው ሙቀቱ ከ76 አላለፈም።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ቀለል ያለ ነው፦ ዕቃ ሲረከቡ ደረሰኝ አይሰጡም፤ የሦስት ወሩ ዋስትናም የቃል ብቻ ነው። ሁለተኛውን ግን ቀላል ነው ማለት አልችልም። ረዳቱ ወጣት ላፕቶፔን እንደተቀበለ የይለፍ ቃሌን ጠየቀኝና በወረቀት ፕላስተር ላይ ጽፎ ክዳኑ ላይ ሊለጥፈው እስክሪብቶ አነሣ። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ሁሉ እንዲሁ ተለጥፎባቸዋል፤ ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ የሦስት ሰው የይለፍ ቃል አነበብኩ፤ አንደኛው ስልክ ቁጥር ነበር። ባትሪና ፋን ለመቀየር የማንም የይለፍ ቃል አያስፈልግም። ማሽኑ መነሣቱን ለማየት ቢፈለግ እንኳ ፋይል የሌለበት ጊዜያዊ አካውንት ይበቃል፤ እኔም ከፍቼ የሰጠሁት እንዲህ ያለውን ነው። ለባለቤቱ ይህንኑ ሳስረዳቸው ጥቂት አሰቡና፣ ፊት ለፊታቸው ካለው ላፕቶፕ ላይ ፕላስተሩን ልጠው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። የሌሎቹ እዚያው እንደተለጠፈ ነው የወጣሁት፤ ወደዚያ የምትሄዱ ጊዜያዊውን አካውንት ከቤት ከፍታችሁ ሂዱ።