ለሜዲካል ስኩል ማመልከቻ የቀጠርኩት አማካሪ፦ ከ5 ኮከብ 2

ድርሰቴን አሳምሮ አርሞልኛል፣ አልክድም። ሁለቱ ኮከቦች የዚያ ናቸው። ጉዱ የጂፒኤ ስሌቱ ላይ ነው።

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ደግሜያለሁ፤ ሁለቱም ባለ 4 ክሬዲት። መጀመሪያ ሲ፣ ስደግም ኤ አመጣሁ። ኮሌጄ የድሮውን ግሬድ ከሂሳብ ስለሚያወጣ ትራንስክሪፕቴ 3.60 ይላል። አማካሪዬም «አዲሱ አሮጌውን ይተካዋል፣ አታስብ» አለኝ። ገንዘብ የተከፈለበት ምክር ነውና አመንኩት።

ከዚያ አምካስ፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ኤምዲ (የተለመደው የሐኪምነት ዲግሪ) ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት የጋራ ማመልከቻ፣ የራሱን ስሌት አመጣ። 3.50! እዚያ የኮሌጅ የመተካት ሕግ አይሠራም። ሲውም ኤውም ይቆጠራል። የእኔ 120 ክሬዲት 128 ሆነ ማለት ነው። የሳይንሱ ጂፒኤ ደግሞ የሚሰላው በ40 ክሬዲት ብቻ ስለነበር ይበልጥ ተጎዳ፤ ከ3.60 ወደ 3.33 ወረደ።

ይህ ምስጢር አይደለም፣ መመሪያው ላይ ተጽፏል። ምናልባት ሰውየው የድሮውን የዲኦ (ኦስቲዮፓቲክ የሚባለው ሌላው የአሜሪካ የሐኪምነት ዲግሪ) ማመልከቻ፣ አኮማስን፣ እያሰበ ይሆናል። አኮማስ እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ የመጨረሻውን ግሬድ ብቻ ይቆጥር ነበር። አሁን ያም ቀርቷል።

ስደውልለት «መሻሻልህን ያዩልሃል» አለኝ። ልክ ነው፣ ያያሉ። ግን ቀድሜ ባውቅ ፊዚክስን ከመድገም ባዮኬሚስትሪ እወስድ ነበር። ገንዘቤን እንዲመልስ ጠይቄዋለሁ፤ እስካሁን ጭጭ ነው።