የእንጦጦ የቀለህ ዶቃ፦ ናሱ ጥሩ፣ አሰካኩ ደካማ

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ማርያም ሲወጣ ከሚሸጡት የእጅ ሥራ ጌጦች ቀድሞ ዓይን የሚይዘው ከጥይት ቀለህ ቀልጦ የሚሠራው ዶቃ ነው። የናስ ቀለህ በተለምዶ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው፤ ሲወለወል ወርቅ ይመስላል። በእጅ የተሠራው ዶቃ አንዱ ከሌላው ትንሽ ይለያል፤ ውበቱም እሱ ነው።

ስትሄዱ ትንሽ ማግኔት ያዙ። የክላሽ ቀለህ ብዙው ብረት ነው፤ ላዩ መዳብ ወይም ቀለም ተቀብቶ ይወጣል። ዶቃው በማግኔት ከተሳበ ናስ አይደለም፤ ላብ ሲነካው ይዝጋል።

ትልቁ ችግር ቀዳዳው ላይ ነው። ዶቃው ከተበሳ በኋላ የቀዳዳው አፍ ካልተሞረደ፣ ስለቱ ክሩን እንደ መጋዝ እየገዘገዘ ይበላዋል። ሱቁ ውስጥ ሆናችሁ መፈተን ትችላላችሁ፦ የጥጥ ፈትል አስገብታችሁ ወዲያና ወዲህ ሳቡት፤ ጭረት ጭረት ካለ አፉ አልተሞረደም። ማስተካከያው ቀላል ነው፤ ከቀዳዳው ወፈር ያለ የመብሻ ጫፍ በጣት ይዞ በሁለቱም በኩል ሦስት አራት ጊዜ ማዞር። ከዚያ በተራ ናይለን ሳይሆን በፕላስቲክ በተሸፈነ ቀጭን ሽቦ መስካት። ስለዚህ ያልተሰካ ዶቃ ካላቸው እሱን ግዙ፤ ከሌላቸው የተዘጋጀውን ሐብል ገዝታችሁ ፍቱትና እንደገና ስኩት።

ሌላው ጣጣ ክብደት ነው። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ድፍን የናስ ዶቃ 2 ግራም ያህል ይመዝናል። 60ውን ብትደረድሩ 48 ሴንቲ ሜትር ሐብል ይወጣል፤ ግን 120 ግራም ነው፣ አንገት ይቆርጣል። ሱቆቹ የሚሰቅሉት አብዛኛው እንዲህ በናስ ብቻ የተሞላ ነው። እንደኛ እምነት የአሠራር ሐሳብ የጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ መፍትሔው ደግሞ ከተራራው ሥር አለ።

ሽሮ ሜዳ ውረዱና የነጠላ ጥለት ከጠርዙ ወደ ውስጥ ቁጠሩ፦ ወፍራም መስመር፣ ቀጭን መስመር፣ ነጭ ክፍተት። ይህን ወደ ዶቃ መልሱት። ለወፍራሙ 3 የናስ፣ ለቀጭኑ አንድ ባለ 6 ሚሊ ሜትር የቀንድ ዶቃ፣ ለነጩ 4 ባለ 4 ሚሊ ሜትር ነጭ ጨሌ፣ ከዚያ አንድ ቀንድ። አንዱ ዙር 52 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ዘጠኝ ጊዜ ሲደገም 47 ሴንቲ ሜትር ግድም። ናሱ 27 ዶቃ ብቻ ስለሆነ ከ60 ግራም አይበልጥም። የጥለቱን ቀለም መቅዳት ግን አያስፈልግም፤ ቁጥሩና ክፍተቱ ይበቃል።

መስቀል ለማንጠልጠል ያሰበ መጀመሪያ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ገብቶ የድሮዎቹን ቢያይ ይሻላል። ከቅጂ ላይ ቅጂ እየተወሰደ ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስሰው መስቀል ጠርዙ ሟሙቶ ይመጣል፤ ልዩነቱን ዋናውን ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። የአፍሪካ ካርታ ጉትቻውንስ ተዉት፤ የትም አገር ይገኛል።

ጉትቻ ከገዛችሁ መንጠቆውን ከብር ማዕድን በተሠራ ቀይሩት፤ ኒኬል ያለበት ብዙ ጆሮ ያሳክካል። ናሱ ሲጠቁር ሎሚና ጨው ቀብታችሁ ከአንድ ደቂቃ በፊት በውኃ አለቅልቁና አድርቁት። አሲድ ላይ ከቆየ ዚንኩ ቀድሞ ስለሚወጣ ገጹ እንደ መዳብ ቀይ ይሆናል።