የዶሜን ስም ማነጻጸር፦ እንደ ተራ ጽሑፍ ወይስ በየክፍሉ?

ኮምቦልቻ ላይ ለአንድ ፋብሪካ ቢሮ የኢንተርኔት ማጣሪያ የሚጽፍ ባለሙያ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የዶሜን ስሞችን፣ ማለትም እንደ «ባንክ.ኮም» ያሉ የድረ ገጽ አድራሻዎችን፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ፊደል በፊደል ማመሳከር ነው። ፈጣን ነው፤ ግን ይሸወዳል። ዲኤንኤስ (የዶሜን ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመው የኢንተርኔት ሥርዓት) ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደልን አንድ አድርጎ ሲያይ፣ ይህኛው ባዕድ ያደርጋቸዋል። የባሰው «በባንክ.ኮም የሚያልቀውን አሳልፍ» የሚለው ትእዛዝ ነው፤ «የሌባባንክ.ኮም» ሰተት ብሎ ይገባል!

ሁለተኛው ስሙን በነጥቦቹ ከፍሎ ከቀኝ ወደ ግራ ማነጻጸር ነው፤ ያኔ «የሌባባንክ» ከ«ባንክ» የተለየ ክፍል ስለሆነ አያልፍም። ጥቂት መስመር ኮድ ቢጨምርም ያለ ማመንታት የምመርጠው ይህንን ነው። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ደግሞ አስቀድሞ ፒዩኒኮድ ወደሚባለው የላቲን አጻጻፍ ይለወጣል። ያኔም «ሐይቅ» እና «ሀይቅ»፣ ለደሴ ሰው ያው ጎረቤት ከተማ ቢሆኑም፣ ለዲኤንኤስ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው።