ስልክ ላይ የምትነክሰው ማክሮ ሌንስ

ትንንሽ ነገሮችን ከቅርብ አጉልታ የምታሳይ ሌንስ ናት፤ መርካቶ በ800 ብር ገዛኋት። እንደ ልብስ መቆንጠጫ ስልኩ ካሜራ ላይ ትነክሳለች፤ ወፍራም ሽፋን ካለው ግን መጀመሪያ ማውለቅ ነው።

መጀመሪያ የእናቴን ሰፌድ አነሳሁ። ከሩቅ ወጥ ቀይ የሚመስለው አለላ፣ ቀለም ያልያዘው ጭረቱ ሳይቀር ወጣ። የገበታ ጨውማ ጉድ ነው! እያንዳንዷ ፍሬ ጥርብ ድንጋይ መስላለች።

ችግሩ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ካልተጠጉ አይጠራም፤ ሲጠጉ ደግሞ የስልኩ ጥላ ያጨልመዋል። እኔ ጠዋት መስኮት ሥር ነጭ ወረቀት አቁሜ ብርሃኑን እመልሳለሁ። ሲኒ ሳነሳ ደግሞ ከንፈሩ ሲጠራ ሆዱ ይደበዝዛል፤ ይኼ የማክሮ ጠባይ ነው፣ አልፈርድባትም።

የመቆንጠጫው ጎማ ግን በሁለተኛው ሳምንት ተላቀቀ። ሻጩ «ማስቲሽ አድርጊበት» ብሎ ሳቀ። አደረግኩበት፤ እስካሁን ይዟል።

ከአምስት ሦስት ኮከብ።