ኤፍኤል ስቱዲዮ ወይስ ሪፐር?

ጅማ ውስጥ፣ ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ሙዚቃ ለሚጀምር ሰው ከእነዚህ ሁለት የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌሮች የትኛው ይሻላል?

ዋጋ፦ ሪፐር ለ60 ቀን ከነሙሉ አገልግሎቱ በነጻ ይሞከራል፤ የግል ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። የኤፍኤል ሙከራ የቀን ገደብ የለውም። ግን ሴቭ ያደረግከውን ፕሮጀክት ሳትገዛ መልሰህ አትከፍትም። መብራት ድንገት ከሄደ ልፋትህ አብሮ ይሄዳል፤ ያንገበግባል። ስለዚህ ኤፍኤል ላይ ሥራህን ቶሎ ቶሎ በዌቭ (በድምፅ ፋይል) አውጣ። ሪፐር ላይ አውቶሴቩን (በራሱ ሴቭ የሚያደርገውን) አብራ።

ቅለት፦ ቢት ለመደርደር ኤፍኤል ይቀላል።

ቀረጻ፦ ለክራርና ለድምፅ ሪፐርን እመርጣለሁ። ድምፁ ከተቆራረጠ በሁለቱም በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማሰማቱ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን) ወደ 512 ከፍ አድርግ። ስትቀዳ ወደ 128 መልሰው፤ አለዚያ የራስህ ድምፅ ዘግይቶ ይሰማሃል።

የክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መቅዳት አይታሰብም። ያን ሰዓት ኤፍኤል ከፍተህ ቢትህን ሥራ፤ ሲያባራ ክራርህን ይዘህ ወደ ሪፐር።