ከአሜሪካ የመጣ ባለ 43 ኢንች ቲቪ አዲስ አበባ ላይ፦ ከገና እስከ ክረምት መውጫ

እህቴ ለገና ከሜሪላንድ ስትመጣ ባለ 43 ኢንች ፍላት ስክሪን ይዛልን መጣች። ይኸው ክረምቱ ሊወጣ ነው፣ ቲቪውም በየቀኑ እየሠራ ነው። ማርካውን አልጠራም። የማወራው ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ቲቪ እኛ ቤት ሲገባ ምን እንደሚገጥመው ነው። «ዘመዴ ቲቪ ላምጣልህ እያለኝ ነው፣ ምን ልበለው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መጀመሪያ የሚመሰገነውን ላመስግን። ምስሉ ምንም አይወጣለትም። ፎርኬ ነው። ዩቲዩብ ላይ በደንብ የተቀረጸ የሠርግ ቪዲዮ ሲከፈት የሐበሻ ቀሚሱ ጥለት ክሩ ሳይቀር ተለይቶ ይታያል። ከካርቶኑ ሲወጣ ቀለሙ እንደ ሱቅ ማሳያ ዓይን የሚወጋ ነበር። የምስል ምርጫውን ወደ ፊልም ቀየርኩትና ሰው ሰው መሰለ። በቃ፣ ስለ ምስሉ ይኸው ነው።

ዋናው ጣጣ መብራት ነው። ከቲቪው ጀርባ የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ትላለች። «100-240 ቮልት» ብትል ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፣ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ገዝቶ መሰካት ነው። ከአሜሪካ የሚመጡም ቢሆኑ እንደዚያ የሚሉ ብዙ ናቸው። የኛው ግን ከነሱ ወገን አይደለም። 60 ኸርዟ (መብራቱ በሴኮንድ የሚመላለስበት ቁጥር) እንኳ ብዙ አታስጨንቅም፤ ቲቪ ውስጡ የገባውን መብራት ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ መብራት) ስለሚቀይረው የኛ 50 ኸርዝ አይጎዳውም። የሚያቃጥለው ቮልቱ ነው።

ስለዚህ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ከመርካቶ ተገዛ። ቲቪው 100 ዋት እንኳ አይሞላም፣ ትራንስፎርመሩ ግን 500 ዋት ነው። ልክ በልኩ የሆነ ትራንስፎርመር ቶሎ ይግላል፣ ስለዚህ ሰፋ ያለውን ውሰዱ። ቀን ቀን ድምፁ አይሰማም። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ግን «እምምም» ይላል። ቲቪው ቢጠፋም እሱ ከሶኬቱ ካልተነቀለ መብራት መብላቱንና መሞቁን አይተውም። እኛ ማታ ማታ እንነቅለዋለን።

አደጋው ሌላ ቦታ ነው ያለው። የአሜሪካ ሶኬት ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ስላለው ግድግዳው ላይ ካለው ክቡ ቀዳዳ አይገባም። ይሄ በራሱ መከላከያ ነው። ግን የትኛው ቤት ነው ያ ሁሉንም ዓይነት ሶኬት የሚቀበል ዲቫይደር የሌለው? እሱ ጠፍጣፋውንም ክቡንም ሳያማርጥ ይውጣል። ቤት የሚያጸዳ ሰው ወይም ስልኩን ቻርጅ የሚያደርግ እንግዳ የቲቪውን ገመድ ነቅሎ ዲቫይደሩ ላይ ቢሰካው ቲቪው ያኔውኑ አለቀለት። ገመዱ ጫፍ ላይ ፕላስተር ጠቅልዬ በቀይ እስክሪብቶ «220 ላይ እንዳይሰካ!» ብዬ ጽፌበታለሁ። ያምራል አይባልም፣ ግን እስከዛሬ አድኖናል።

ሌላው የመብራቱ መውረድ ነው። ትራንስፎርመር የገባለትን ያካፍላል እንጂ አያስተካክልም። ጎረቤት ሁሉ ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ወደ 180 ይወርዳል፣ ለቲቪው የሚደርሰው 90 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ያኔ ራሱን አጥፍቶ እንደገና ይነሳል፣ ደግሞ ያጠፋል። ጨዋታ መሀል ላይ ሲሆን ሰው ያሳብዳል። ከትራንስፎርመሩ በፊት ስታብላይዘር ከገባ ወዲህ ይህ ቀርቷል። መብራት ሄዶ ሲመጣም ስታብላይዘሩ ትንሽ ቆይቶ ስለሚለቅ ልብ ያሳርፋል። ከቲቪው ሥር ግን ሁለት ሣጥን ተደርድሯል፣ እናቴ ጨርቅ አልብሳቸዋለች።

ወደ ቻናል እንምጣ። የአሜሪካ ቲቪ በአንቴና የሚቀበለው የአሜሪካውን አሠራር ነው። እዚህ «ቻናል ፈልግ» ሲባል ከዳር እስከ ዳር አስሶ ባዶ እጁን ይመለሳል። እውነቱን ለመናገር ይሄ አይጎዳም፣ እኛ ሀገር ሰው የሚያየው በዲሽ ነው። ዲሹ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው የኢትዮሳት ሳተላይት ዞሯል፣ ሪሲቨሩ በኤችዲኤምአይ ገመድ ይገባል፣ አለቀ። የድሮውን ሪሲቨር በቢጫው ገመድ ስንሞክረው ግን ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቁጭ አለ። ሪሲቨሩ የሚያወጣው ፓል የሚባለውን የቀለም አሠራር ነው፣ ቲቪው የሚያውቀው ደግሞ የአሜሪካውን ኤንቲኤስሲ ነው። አጎቴ አይቶ «ጭራሽ ወደ ጃንሆይ ዘመን መለሳችሁን» ብሎ ሳቀ።

ኤችዲኤምአይ ላይም አንድ የምታናድድ ነገር አለች። ይሄ ቲቪ 50 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 50 ምስል፣ ሲላክለት «ሲግናል የለም» ይላል። ስለዚህ ሪሲቨሩ 60 ላይ ተደርጓል። ከሳተላይት የሚመጣው ግን በ50 የተሠራ ነው። አምስቱን ስድስት ለማድረግ አንዱ ምስል ይደገማል። ድራማ ላይ አይታወቅም። ዜና ላይ ግን ከታች የሚያልፈውን ጽሑፍ ተከታተሉት፦ ይሄዳል፣ ጥቂት ያዝ ያደርገዋል፣ ይሄዳል። ኳስ ላይም ረጅም ቅብብል ሲመታ እንደዚሁ ነው። ወንድሜ ምንም አይታየኝም ይላል። እኔ ግን አንዴ ካየሁት ወዲህ ሌላ ነገር ማየት አቅቶኛል። 50ንም የሚቀበሉ የአሜሪካ ቲቪዎች አሉ፣ ከመግዛት በፊት የመመሪያውን መጽሐፍ ማየት ነው።

እናቴን የሚያማርራት ደግሞ ሪሞቱ ነው። ድምፅ በአንዱ፣ ቻናል በሌላው። እዚህና ዱባይ ከሚሸጡት ቲቪዎች ብዙዎቹ የዲሹ ገመድ ቀጥታ የሚሰካበት ቀዳዳ አላቸው፣ ነፃ ቻናሎቹን ያለ ሪሲቨር በአንድ ሪሞት መክፈት ይቻላል። ለእሷ ከፎርኬው ይልቅ ይሄ ይሻላት ነበር።

ስማርት የሚባለው ክፍል ግማሹ ይሠራል። ሲከፈት የአሜሪካ ፖስታ ቁጥር ጠየቀን፣ የእህቴን ሰጠነው። ሪሞቱ ላይ ካሉት የመተግበሪያ ቁልፎች የተወሰኑት ከአሜሪካ ውጭ ስለማይሠሩ ጌጥ ናቸው። ዩቲዩብ ካለ ግን ቤታችን ሌላ አይፈልግም። የአማርኛ መጻፊያ ስለሌለው መዝሙሩንም ድራማውንም ከስልክ ፈልገን ወደ ቲቪው እንልካለን።

አንድ ሱቅ ላይ የማይታይ ነገር ልጨምር። ፓነሉ፣ ማለትም ምስሉ የሚታይበት ስክሪን፣ ቪኤ የሚባለው ዓይነት ነው። ፊት ለፊት ለተቀመጠ ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ከጎን ለተቀመጠ ግን ቀለሙ ይነጣል። ሳሎናችን ሶፋው ግድግዳውን ተከትሎ የዞረ ስለሆነ ቡና ሲፈላ ግማሹ ሰው የነጣውን ነው የሚያየው። እንዲህ ላለ ሳሎን አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት ፓነል ይሻላል፣ ጥቁሩ ትንሽ ቢደበዝዝም። ኦሌድ የሚባለው ዓይነት ከጎንም ያምራል፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ቻናል ተከፍቶ በሚውልበት ቤት ጥግ ላይ ያለው አርማ ከጊዜ ብዛት ስክሪኑ ላይ ታትሞ ሊቀር ስለሚችል አልደፍረውም።

እንግዲህ ላምጣልህ ለሚል ዘመድ ምን ይባል? ከዱባይ፣ ከእስራኤል ወይም ከአውሮፓ ከሆነ በመብራት በኩል ችግር የለም፣ 220ን ያለ ትራንስፎርመር ይችላሉ። ከአሜሪካና ከካናዳ ከሆነ ሱቁ ውስጥ እያለ የጀርባውን ወረቀት ፎቶ ያንሳና ይላክልህ። የአሜሪካው ዋስትና እዚህ እንደማይሠራም ይታወቅ። ካርቶኑም አለ፦ ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምሮ 158 ሴንቲ ሜትር ነው። ባለ 32 ኢንች ካርቶን ሊያልፍ ይችላል፣ ባለ 43 ግን አያልፍም። እህቴ ለትርፍ መጠን የከፈለችው፣ ትራንስፎርመሩና ስታብላይዘሩ ሲደመር የአሜሪካ ዋጋ ርካሽነቱ የት እንደገባ አይታወቅም።

ያገለገለ ፕላዝማ (የድሮ ዓይነት ፍላት ስክሪን) በርካሽ ልላክልህ የሚል ካለ ደግሞ አመስግኖ እምቢ ማለት ነው። ማምረቱ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል፣ መብራትም ይበላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ብዙዎቹ ፕላዝማዎች እንደ ንብ ያጉረመርማሉ። ለኛ ትራንስፎርመሩ ይበቃናል።